የተወለወለችው ግማሽ ዶላር

አርሊን ሬበር የአባቷን የአጃ ገንፎ በትሪ ይዛ ደረጃ ስትወጣ፣ ሽማግሌው በስልክ የሚናገረው ነገር መሃል ላይ አቆማት። ኤልዉድ ሬበር ዘጠና አንድ ዓመቱ ነው፤ ጆሮው ስለ ደከመ በስልክ ሲያወራ ያኛውም ሰው እንደሱ የደነቆረ ይመስለዋል። ቤቱ ደግሞ ከግራም ከቀኝም ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የተጋራ ነው፤ በዚያ በሬዲንግ ከተማ ሰፈር አንዱ ሲያስነጥስ ሦስት ቤት «ይማርህ» ይላል። ስለዚህ አርሊን ማዳመጥ ሳትፈልግ ሁሉንም ሰማች።

«መጥተህ ስታያት ክው እንዳትል አስቀድሜ ልንገርህ ብዬ ነው» ይላል ኤልዉድ። «ግማሽ ዶላሯ ተወልውላለች። ሚስቴ ናት። በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሰባ አንድ፣ የፋሲካ ሰሞን። ሌላ ሌላ ነገሯ ደግ ሴት ነበረች፤ ያቺን ሳንቲም ግን እንደ ጣውንት ነበር የምታያት።»

አርሊን ገንፎው ቆዳ እስኪያበጅ እዚያው ደረጃው ላይ ቆመች። እናቷ ቨርና ከሞተች ሃያ ሁለት ዓመት አልፏታል። ያቺን ሳንቲም የወለወለችው ደግሞ ቨርና አልነበረችም። አርሊን ናት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች፣ አባቷ በሚሠራበት ባቡር ጋራዥ ውስጥ ወገቡን ተመቶ ሆስፒታል በተኛበት ሳምንት፣ «ሲመለስ ደስ ይበለው» ብላ፣ እናቷ የፋሲካውን የብር ማንኪያ በምትወለውልበት ቅባት፣ በአውራ ጣቷ፣ እስክታብረቀርቅ ድረስ አሸቻት። እናቷ የቅባቱን ቆርቆሮ ከልጅቷ አልጋ ሥር ስታገኘው በረጅሙ ተነፈሰችና፣ ለማንም እንዳትናገሪ፣ ከአባትሽ ጋር እኔ እጨርሰዋለሁ አለቻት። አርሊንም አለቀ ብላ አመነች። ልጅ ምን ያውቃል፤ ትልቅ ሰው አለቀ ካለ አልቋል። አባቷ ከሆስፒታል መጥቶ መሳቢያውን ሲከፍት ቆማ አየችው፤ አየና መልሶ ዘጋው እንጂ አንድ ቃል አልወጣውም። እሷም እስከዚች ጠዋት ድረስ፣ ነገሩን ይቅር ብሎታል እያለች ነው የኖረችው። ማንን ይቅር እንዳለ ግን አንድም ቀን አስባ አታውቅም።

ስትገባ ስልኩን ዘግቶ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ካልሲውን ይታገላል። «ምነው ቆየሽ? አጃውን ዘርተሽ ነው ያጨድሽው?» አላት። ደረጃው በየዓመቱ ይረዝማል አለችውና ተንበርክካ ካልሲውን አለበሰችው። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የአረጋውያን ማረፊያው መኪና መጥቶ ይወስደዋል። ቅርብ ያለው ሁሉ ሞልቶ፣ የተገኘው የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ነው። በወር ሰባት ሺህ ዶላር ይጠይቃል፤ የልብስ ማጠቢያ ለብቻው። ኤልዉድ በሰባት ሺህ ዶላር ካልሲዬን ካላጠቡልኝ፣ እኔም ለብቀላ ስሞት ሳልነግራቸው ነው የምሞተው ይላል። ቤቱ ተሽጧል። አርሊን ከጫማ ሱቅ በላይ ያለች ሁለት ክፍል ተከራይታለች፤ ምድር ቤቱ በካርቶን ተሞልቶ፣ ሥዕል የተነሣበት ግድግዳ ሁሉ ነጭ ነጭ አራት ማዕዘን ሆኖ ቀርቷል።

ገንፎውን እስኪጨርስ ክፍሉን ቃኘችው። ጣሪያ ሥር ያለች፣ መሃል ላይ ካልሆነ ቀጥ ብለው የማይቆሙባት ክፍል ናት። አንድ የሽቦ አልጋ፣ አንድ መብራት፣ ሳንቲሞቹ ያሉበት ባለ ብዙ መሳቢያ ሣጥን፣ የሣጥኑ ቁልፍ። አባቷ እዚህ መተኛት የጀመረው ማንኮራፋቴ እናትሽን ይረብሻታል ብሎ ነበር። መቼ ነበር? አልጋውን ሁለት ጎረምሶች ተሸክመው ሲያወጡት፣ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ተቀርቅሮባቸው ሲሳደቡ ትዝ አላት፤ ሙቀት ነበር፤ እሷ ባዶ እግሯን ነበረች። ያው የሰባ አንድ በጋ ነው፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ። ሃምሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ያላሰበችውን ነገር አሁን አንድ ሰሃን ገንፎ እስኪያልቅ ድረስ አሰበችው። ሰውየው ያን ጊዜ ከሚስቱ አልጋ ወጥቶ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ይዟት የወጣው ልጁን ነው። በየቅዳሜው አጠገቡ አስቀምጦ ያስተማረው እሷን ነው። እናቷ ከታች ድንች ትልጣለች፤ እሷ ከላይ የአባቷን ፍቅር ትበላለች።

ያስተማራትም እንዲህ ነበር። ሳንቲም በጠርዙ ብቻ ነው የሚያዘው። ከሥር ለስላሳ ጨርቅ ይነጠፋል። ውሃም ቡናም እዚያ ጠረጴዛ አይደርስም። ሳንቲም ላይ ጎንበስ ብሎ ማውራት ክልክል ነው፤ ከአፍ የሚፈናጠር ምራቅ ዛሬ አይታይም፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ምንም እጅ ያልነካው የድሮ ብር መብራት ሥር ዘወር ዘወር ሲያደርጉት ወዙ እንደ ጋሪ ጎማ ይሽከረከራል፤ ያንን ወዝ ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ አይፈልግም። ደግሞ ከሁሉም በላይ፣ የጠቆረ ብር አይወለወልም። የሁለት መቶ ዓመት ጥቁረቱ ልብሱ ነው፤ አሮጊት አትገፈፍም ይላል ኤልዉድ። አንዴ የተወለወለ ወዝ ደግሞ በገንዘብም በጸሎትም አይመለስም። ይህንን ሲላት ድምፁ ዝቅ ይል ነበር። አርሊን እያወቀ የሚወጋት እየመሰላት አንገቷን ትደፋ ነበር፤ እሱ ግን ያቺን ቃል የሚናገረው ወለሉን አልፎ ወደ ታች፣ ወደ ወጥ ቤቱ ኖሯል።

ግማሽ ዶላሯ የአሥራ ሰባት መቶ ዘጠና አምስት ናት። በአንድ ፊቷ ጸጉሯ የተዘናፈለ ሴት፣ በሌላው ቀጭን ንስር። ኤልዉድ በስልሳ ስምንት አንድ ሐኪም ሞቶ የቤቱ ዕቃ ሲሸጥ በአሥራ አንድ መቶ ዶላር ገዛት። ለዚያ ብሎ የጭነት መኪናውን ሸጦ ሁለት ክረምት በበረዶ ውስጥ በእግሩ ጋራዥ ተመላልሷል። ከማተሚያው ወጥታ ቀጥታ መሳቢያ የገባች፣ ዳቦ ገዝታ የማታውቅ ሳንቲም ነበረች። የከተማው ሳንቲም ሰብሳቢዎች በወር አንድ ቀን በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ሲሰበሰቡ ይዟት ሲገባ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን ያወልቁ ነበር አሉ። ከሰባ አንድ በኋላ ግን ይዟት ሄዶ አያውቅም። ባንክ ነው ያስቀመጥኳት ይላቸው ነበር።

ኤልዉድ ጠዋት በስልክ ያናገረው የሳንቲም ነጋዴ፣ ትሬክስለር፣ አራት ሰዓት ላይ መጣ። ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ሆዱ ቀበቶውን ያለፈ፣ እጁ ግን እንደ አዋላጅ እጅ ቀስ ያለ ሰው ነው። መኪና ማቆሚያ አጥቶ ሰፈሩን ሦስት ጊዜ መዞሩን፣ ለበረዶ መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው ጫማውን እንደ በላው፣ የብር ዋጋ እንደ ሰካራም እንደሚወጣና እንደሚወርድ እያወራ ደረጃውን ወጣ። «አቶ ሬበር፣ አምና ካየሁዎት ይልቅ ወጣት ሆነዋል» ቢለው፣ ኤልዉድ «አንተ ልጅ ዋጋ ልትቀንስ ስትል ታቆላምጣለህ፤ አባትህም እንዲሁ ነበር» አለው። ከዚያ ሣጥኑ ተከፈተ። ትሬክስለር መሳቢያውን አንድ በአንድ አውጥቶ፣ እያንዳንዷን በጠርዟ አንሥቶ፣ መብራቱ ሥር ዘወር አድርጎ፣ ትንሽ ደብተር ላይ ጽፎ መለሰ። አንድ ሰዓት ተኩል እንዲህ ሆነ። የግድግዳው ማሞቂያ ብቻ ያንኳኳል። አርሊን በሩ አጠገብ ቆማ፣ የመጨረሻው መሳቢያ እንዳይደርስ እየጸለየች ነበር ማለት ይቻላል።

ደረሰ። ትሬክስለር ግማሽ ዶላሯን አንሥቶ መብራቱ ሥር አዞራት፤ የተሽከረከረ ወዝ የለም፤ እንደ ገበታ ማንኪያ ታብለጨልጫለች። ጥቂት ጥቁረት በጸጉሯ ስንጥቅ ውስጥ ተሸሽጎ ቀርቷል። ይዟት ወደ መስኮቱ ሄዶ ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ብዙ ቆየ። ከዚያ ለአርሊን ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ ጭረቱ ክብ ክብ ነው፣ ጥቃቅን ነው፣ የወለወላት ሰው አውራ ጣቱ ትንሽ ነበረች አላት። ሙያተኛ ያየውን ከመናገር በቀር ሌላ አሳብ አልነበረውም። አርሊን ግን እጇን ኪሷ ከተተች።

«ምን ትንሾካሾካላችሁ?» አለ ኤልዉድ።

«ቆንጆ ነበረች እያልኩ ነው።»

«ነበረች የሚባለው ለሬሳ ነው። ዋጋዋን ተናገር።»

ትሬክስለር ጉሮሮውን ጠረገ። እንደ ጥንቷ ብትሆን ኖሮ ይሄን ቤት ትገዛ ነበር፤ አሁን ግን ስምንት ሺህ፣ ለርስዎ ስል ዘጠኝ አለ። ኤልዉድ ራሱን ነቀነቀና፣ ሌላውን ሁሉ ውሰድ፣ እሷን ተዋት አለው። የሌላው ሁሉ ዋጋ አርባ አንድ ሺህ መጣ፤ የማረፊያው ስድስት ወር አይሞላም። ነጋዴው ቼኩን ጽፎ፣ የሽማግሌውን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ጨብጦ ወጣ። የሃምሳ ሰባት ዓመት ድካም በአንድ ቦርሳ ደረጃውን ሲወርድ ኮቴው እንኳ አይሰማም ነበር።

አርሊን ልትከተለው ስትል አባቷ ጠራት። ሣጥኑ ባዶ ነው። ግማሽ ዶላሯ ጨርቁ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። አጠገቡ እንድትቀመጥ አልጋውን መታ መታ አደረገላት፤ የልጅነት ቦታዋ ነው። «ይቺን ያልሸጥኳት ላንቺ ብዬ ነው» አላት። «ዘጠኝ ሺህም ቢሆን ዘጠኝ ሺህ ነው። በዚህ ቤት እጁ ንጹሕ የነበረ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ዝም ልትል ወስና ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ከራሷ ጋር ስትሟገት ነው የዋለችው። እናቷ ሞታለች፤ ሙት አይሰማም። ሰውየው ነገ ይሄዳል፤ የዘጠና አንድ ዓመት ሽማግሌ በመጨረሻው ቀን ምን በደለና ይቃጠላል? ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፈርታለች። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ በዚህ ዓለም ላይ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚያያት ሰው ይሄ አንድ ሽማግሌ ነው። ሆድ ይፍጀው ብላ ነበር። ነገር ግን ንጹሕ የምትለዋን ቃል ተቀብላ ሳንቲሟን ኪሷ ብትከት፣ እናቷን ሁለተኛ ጊዜ እንደ መቅበር ነው።

«እጄ ንጹሕ አልነበረም፣ አባዬ። የወለወልኳት እኔ ነኝ። እማዬ አይደለችም።»

ኤልዉድ ያልሰማ መሰላት። ልትደግመው አፏን ስትከፍት፣ «በምን?» አላት። በማንኪያው ቅባት አለችው። በጨርቅ ነው ወይ አላት። በጣቴ አለችው። እንደዚያ እንደ እሳት አደጋው አዳራሽ ሳንቲም ሰብሳቢ፣ ፊቱ ላይ አንድም ነገር ሳይነበብ ነው የሚጠይቃት። የራሱን ማጉያ አንሥቶ ሳንቲሟ ላይ አጎነበሰ፤ ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል። ማጉያውን ዘረጋላት። «አንቺ እይልኝ። ጭረቱ ወዴት ወዴት ይሄዳል?»

አየች። የዘጠኝ ዓመት አውራ ጣቷ እዚያ አለች፤ በሴትየዋ ጉንጭ ላይ፣ በጸጉሯ ላይ፣ በትንንሹ እየዞረች። «ክብ ክብ ነው» አለችው።

«እናትሽ ማንኪያ ስትወለውል እንዴት ነበር?»

እናቷን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አየቻት፤ ጋዜጣ አንጥፋ፣ ማንኪያውን ከእጀታው እስከ ጫፉ በጨርቅ ሳብ፣ ሳብ። «በቁመቱ» አለች። «ሁልጊዜ በቁመቱ።»

ኤልዉድ እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ያንን ጭረት በማጉያ ስንት ሺህ ጊዜ እንዳየው እሱ ነው የሚያውቀው። ጥፍር የማያህል ንስር ላይ ስንት ላባ እንዳለ ቆጥሮ የሚናገር ሰው፣ ከሐሰተኛ እውነተኛውን በአንድ እይታ ይለያል ተብሎ ከሌላ ከተማ የሚጠራ ሰው፣ የአንዲት ልጅ አውራ ጣት ክብ ሃምሳ ዓመት ዓይኑ ሥር ተቀምጦ አላየውም። የእናትሽ እጅ ቅባት ቅባት ይሸት ነበር አለ ቀስ ብሎ። ማስረጃው ያ ብቻ ነበር። በዚያ ሳምንት የፋሲካ ማንኪያ የወለወለች ሴት ሁሉ እጇ እንደዚያ ነው የሚሸተው።

ከዚያ ድምፁ ሻከረ። «ታዲያ ለምን እኔ አይደለሁም አላለችም? ዝም ማለትም ውሸት ነው። ሞኝ ነው ያደረገችኝ።»

«ጠይቀሃት ታውቃለህ?»

አርሊን ይሰድበኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ እንዲያውም ቢሰድባት ደስ ባላት። እሱ ግን አሁንም፣ እውነቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ሳለ፣ ክሱን የሚጽፈው በሟቿ ስም ነው። ትሪውን አንሥታ ወረደች። የዶሮና የበቆሎ ሾርባ አሙቃ አወጣችለት፤ አላያትም። ተመልሳ ወጥ ቤት ካርቶኖቹ መሃል ተቀምጣ ሳህን በጋዜጣ ስትጠቀልል ከላይ አባቷ የሚደገፍበት የመራመጃ ብረት ወለሉን ኳ፣ ኳ ሲያደርግ ትሰማለች። ከመስኮት እስከ በር፣ ከበር እስከ መስኮት። ከዚያ ጸጥ አለ። ጸጥታው ሲረዝምባት ደንግጣ ልትነሣ ስትል ደረጃው ጮኸ። ኤልዉድ ካፖርቱን ለብሶ፣ ክራቫቱን አጣሞ አስሮ፣ መራመጃውን ከላይ ትቶ፣ በሁለት እጁ የደረጃውን መደገፊያ ይዞ በጎኑ እየወረደ ነው።

«ወደ እሷ ውሰጂኝ» አላት።

ከቨርና ቀብር ቀን በኋላ መቃብሯ ሄዶ አያውቅም። በየፋሲካው አበባ የምታስቀምጠው አርሊን ናት፤ ወገቤ አይችልም ይላት ነበር፤ ወገቡ እውነትም አይችልም። መኪናው ውስጥ ለማስገባት ሩብ ሰዓት ፈጀ። መንገዱ በበረዶ ጭቃ ጠቁሯል፤ የካቲት ነው፤ ሰማዩ ገና በአሥር ሰዓት እንደ መጋረጃ ይወርዳል። የመቃብር ቦታው የብረት በር ጋ ሲደርሱ አሥር ሰዓት ከአሥር ሆኖ በሩ በሰንሰለት ታስሯል።

የጥበቃው ሰው ከትንሽ ቤቱ ባትሪ ይዞ ወጣ። ወፍራም ኮፍያ ያደረገ፣ አፍንጫው የቀላ ሰው ነው። አርሊን መስኮቷን አውርዳ አሥር ደቂቃ ብቻ ብላ ለመነችው። ሰውየው ውስጡ በረዶ ነው፣ መንገዱ አልተጠረገም፣ ሽማግሌ ወድቀው ቢሰበሩ ሥራዬን ነው የማጣው አለ። ጎንበስ ብሎ ኤልዉድን አየውና ራራ። «አባት፣ ማንን ሊያዩ ነበር?»

«ሚስቴን።»

«አይዞዎት። እዚህ ያለ ሰው አይቸኩልም። ነገ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው።»

አርሊን ሞተሩን አላጠፋችም፣ አልነዳችምም። ኤልዉድ በብረቱ ፍርግርግ በኩል ወደ ውስጥ ያያል። የቨርና ድንጋይ ከኮረብታው ጀርባ ነው፤ ጥሩ ዓይን ላለው ሰው እንኳ ከዚያ አይታይም። ፊቱን ሳያዞር፣ «አንቺ ፋሲካ ስትመጪ ንገሪልኝ» አላት።

ያን ጊዜ ነው አርሊን መሪውን የጨበጠችው። በዚያ ቤት ውስጥ፣ እናቷ እስክትሞት ድረስ፣ ሁለቱ ሰዎች የተነጋገሩት በእሷ አፍ ነው። አርሊን፣ ጨው አቀብይኝ በያት። አርሊን፣ የመብራቱ ሒሳብ መጥቷል በይው። ቤት ሁሉ እንዲህ የሚኖር ይመስላት ነበር። አንድ ምሽት እናቷ ሐኪም ቤት ደርሳ መጥታ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ ሐኪሙ ያለኝን ለአባትሽ ንገሪልኝ ያለቻትም ለእሷ ነው። እሷም ደረጃውን ወጥታ ነገረችው።

«አይ አባዬ» አለችው። «ይሄን ራስህ ንገራት።»

ኤልዉድ ራሱን ነቀነቀ፤ እሺ ማለቱ ይሁን እምቢ ማለቱ አይታወቅም። ቆይቶ መስኮቱን በጣቱ አንኳኳ። አወረደችለት። ብርዱ ገባ፤ የረጠበ ድንጋይና የቅጠል ሽታ ይዞ። ሽማግሌው ፊቱን ወደ ፍርግርጉ አስጠግቶ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ትንፋሹ ነጭ ሆኖ ወጣና በሩ ጋ ሳይደርስ ጠፋ። አርሊን ጠበቀች። የጥበቃው ሰው የቤቱን መብራት አጥፍቶ፣ መኪናውን አስነሥቶ፣ በአጠገባቸው አልፎ ሄደ። ኤልዉድ አሁንም አፉ እንደ ተከፈተ ነው፤ በየት በኩል እንደሚጀመር የጠፋበት ሰው ይመስል።